ጋሽ ደግፌ እና የቅዳሜው ችሎት

ጋሽ ደግፌ ማረፋቸውን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ለሕክምና አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ ወር አልፏቸው ስለነበር፣ ዛሬ ይመጣሉ ነገ ይመጣሉ እያልን ነበር የምንጠብቃቸው። ከታቦር ተራራ ቁልቁል ወደ ሥራዬ ስወርድ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ «እኚያ በዚህ ሙቀት የሱፍ ኮት የሚለብሱት ሽማግሌ፣ ሻይ ቤት ሰው እያቆሙ የሚያሟግቱት፣ አርፈዋል አሉ። ታውቂያቸው ነበር?» አለኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። «ሰው እያቆሙ የሚያሟግቱት» ሲል ከነከዘራቸው ፊቴ ድቅን አሉና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እንባው የመጣው ከባጃጁ ከወረድኩ በኋላ ነው። ሹፌሩ ምን ዓይነት ጉድ ናት እንዳለ እርግጠኛ ነኝ።

ጋሽ ደግፌ አለቃዬም ጎረቤቴም ነበሩ። ትምህርቴን ጨርሼ መዝገብ ቤት ስቀጠር፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ፋይል እንዴት እንደሚታሰር፣ አቧራ እንዴት እንደሚራገፍ፣ ባለጉዳይ ሲቆጣ እንዴት ዝም እንደሚባል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ወረቀት አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» ይሉ ነበር፣ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ። የእጅ ጽሕፈታቸው ደግሞ በሀዋሳ የታወቀ ነው። በሠፈራችን ሰርግ ሲደገስ የጥሪ ወረቀቱ ላይ ስም የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ፤ ስሙን በእሳቸው ጽሕፈት ያገኘ ሰው ሰርጉን ሳይበላ አይቀርም ነበር።

አንድ ነገር ግን ነበረባቸው። የጃንሆይ ነገር። ዳቦው የሚጣፍጠው በጃንሆይ ዘመን፣ ደብዳቤ የሚደርሰው በጃንሆይ ዘመን፣ ዝናቡ እንኳ ሰው ቤቱ እስኪገባ የሚጠብቀው በጃንሆይ ዘመን ነበር። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍምና፣ «ጋሼ፣ በጃንሆይ ዘመን የሀዋሳ ወባ ትንኝም በር አንኳኩታ ነበር የምትገባው ይባላል፤ እውነት ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አትቀልጂ! ትንኟ ያኔም ባለጌ ነበረች። ኪኒኑ ግን በሰዓቱ ይመጣ ነበር።»

«ጃንሆይን አይቻለሁ» የሚሉትንም ለዓመታት ሰምተናል። ንጉሡ ወደ ሐይቁ ሲሄዱ፣ መኪናቸው ዳር ለዳር በተሰለፈው ሕዝብ መሀል ሲያልፍ፣ ወጣቱ ደግፌ ከፊት ነበሩ። አንድ ቀን፣ «ፊታቸው እንዴት ነው? ፎቷቸው ላይ እንዳለው ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አመነቱና፣ «እጅ ነስቼ አልነበር እንዴ? መሬት እያየሁ እንዴት ፊት አያለሁ? ጎማውን ነው ያየሁት» አሉ። «ግን እንዴት ያለ ጎማ መሰለሽ!»

በቅርቡ ዓመታት የጃንሆይ ነገር የጋሽ ደግፌ ብቻ መሆኑ ቀረ። በቴሌቪዥኑም፣ በስልኩም፣ በየቢሮውም ወሬው የነገሥታት ሆነ። የንጉሡን መልክ በሳንቲም ላይ እንኳ አይተው የማያውቁ ልጆች አንበሳ የተሣለበት ካናቴራ ለብሰው ስለ ዙፋን ይተርካሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ንጉሥ» የሚል ቃል ሲሰሙ ራሳቸው የተገረፉ ያህል ይንቀጠቀጣሉ። ሀገሪቱ ነገ ምን ትሁን የሚለው ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ትናንት ምን ነበረች ላይ ይወድቃል። ጋሽ ደግፌ መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር። ለብቻቸው ሲዘፍኑት የኖሩት ዘፈን ድንገት ተቀባይ አገኘ። ቆየት ብለው ግን፣ «ምነው እነዚህ ልጆች ጃንሆይን እንደ ድንጋይ ይወራወሩባቸዋል?» ማለት ጀመሩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከታቦር ግርጌ ባለችው ሻይ ቤት፣ ወሬው ፈነዳ። ባንክ የሚሠራ አንድ ጎረምሳ፣ «ሀገር የሠሩት ነገሥታቱ ናቸው! ከእነሱ ወዲህ ያየነው መፍረስ ብቻ ነው» አለ። ከጎኑ የነበረ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ «ለማን ነው የሠሯት? በማን ጀርባ?» ብሎ ተነሣ። ጎረምሳውም ተነሣ። ብርጭቆ ወደቀ፣ አንገት ተያዘ። ይኼኔ ጋሽ ደግፌ በከዘራቸው ጠረጴዛውን መትተው፣ «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። ይህችን ቃል የሰማ ሰው እጁ ባለበት መቆም አለበት ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ደግነቱ፣ ቆሙ።

«ባላገር እንኳ እንዲህ አይሟገትም» አሉ። «ባላገር በላ ልበልሃ ተባብሎ፣ ተራ በተራ ቆሞ፣ ዳኛ ፊት፣ በወጉ ነው። እናንተ ዲግሪ ይዛችሁ ትናነቃላችሁ? በሉ፣ አንተ እዚህ ቁም፣ አንተ እዚያ። ጋቢ ያለው ያጣፋ!»

ጋቢ ማን ይዞ? የባንክ ቤቱ ጎረምሳ ሹራቡን አውልቆ ትከሻው ላይ አጣፋ። መምህሩ ደግሞ ከሻይ ቤቷ ባለቤት የጠረጴዛ ጨርቅ ተዋሰ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እነሱም እየሳቁ እንዴት ይናነቁ።

የቅዳሜው ችሎት የተጀመረው እንዲህ ነው። ቆሞ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስልክ ያወጣ እንደተረታ ይቆጠራል፣ የተሳደበም እንዲሁ። ጋሽ ደግፌ ውርርዱም እንደ ጥንቱ «በማር!» እንዲሆን ፈልገው ነበር። ማር ያለው ሰው ስላልተገኘ የተረታው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ እንዲጋብዝ ተወሰነ። ይህን ያሻሻሉት ጋሽ ዳንጊሶ ናቸው።

ጋሽ ዳንጊሶ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም፣ የሲዳማ ሰው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ከጋሽ ደግፌ ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር የተዋሰኑ ጎረቤት ናቸው። ማለዳ ማለዳ ሁለቱ ሽማግሌዎች እስከ ሐይቁ አብረው ይወርዳሉ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይመለሳሉ። አንዳቸው ከታመሙ ሌላው አጥሩ ሥር ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። በዚያ ቅዳሜ ጋሽ ዳንጊሶ ሻያቸውን አስቀምጠው፣ «ደግፌ፣ ያንተ ችሎት ጥሩ ነው፤ ግን የሚናገር ብቻ ነው ያለው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ ነገር ተነግሮ ሲያልቅ ‹አፊኒ?› ይባላል። ‹ሰማችሁ ወይ?› ማለት ነው። ሰምቻለሁ ያላለ መልስ አይሰጥም» አሉ። ይህም ሕግ ሆኖ ገባ። ሰው ሁሉ ለመመለስ ሲል ግዱን መስማት ጀመረ፤ ለአንዳንዱ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ጥቂት ወራት ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። በተራ ይዳኛሉ፣ ዓሣውን ሁላችንም እንበላለን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ጋሽ ዳንጊሶ ዳኛ በሆኑበት ቀን፣ ጋሽ ደግፌ ራሳቸው ቆሙ። ክርክሩ የንጉሡ ዘመን ይሻል ነበር ወይ የሚል ነው። ጥሩ ተናገሩ፣ አሳቁን፤ ከዚያ የክርክሩ ሙቀት ወሰዳቸውና እንዲህ አሉ፦

«በጃንሆይ ዘመን በዚህ አካባቢ ማንም በዘፈቀደ ከመሬቱ አልተነቀለም! ቀላድ ተጥሎ፣ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ ነው የተሰጠው። የተሰጠውም ጠፍ መሬት ነው፤ ሰው የሌለበት። መዝገቡን በእጄ አውቀዋለሁ!»

ጋሽ ዳንጊሶ ብርጭቋቸውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉ። «ደግፌ፣ አባቴ እዚያ ነበረ» አሉ። «ከጥቁር ውሃ ወንዝ ወዲህ፣ ከወንዙ እስከ ትልቁ ዋርካ። እንሰት ተክሎ፣ ከብት አርብቶ፣ ሰባት ልጅ ወልዶ። አንድ ቀን ቀያሾች የቀላዱን ገመድ ይዘው መጡ። ሲሄዱ በገዛ ደጁ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ።»

ጋሽ ደግፌ እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ኖሮ። እሳቸው ግን፣ «መዝገቡ እኮ…» አሉ።

ጋሽ ዳንጊሶ ባርኔጣቸውን አደረጉ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም። ጋሽ ደግፌ ማለዳ በር ላይ ከዘራቸውን ይዘው ይቆማሉ፣ የጎረቤት በር አይከፈትም፤ ብቻቸውን ጥቂት ይሄዱና ይመለሳሉ። አንድ ጠዋት አጥሩን «እንዴት አደርክ?» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሳ አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፣ ልጃቸውም ሩቅ ነች፤ በዚህ ከተማ ሰው የሚሉት ጋሽ ዳንጊሶን ብቻ ነው። እሳቸውን አጡ ማለት ሁሉንም አጡ ማለት ነው። እሱን እኛም እሳቸውም እናውቅ ነበር።

«እኔ ምን በደልኩት?» አሉኝ አጥሩ ሥር ተቀምጠው። «አባቱን አልሰደብኩ። የተናገርኩት መዝገብ ያለውን ነው።»

«ጋሼ፣ መዝገብ አብሮዎት ሐይቅ አይወርድም» አልኳቸው። አፌ ነው። ወዲያው ቆጨኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«መዝገቡ አሁንም አለ?»

«የት ይሄዳል? እርስዎ ያሰሩት እንዳለ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ከነሱፍ ኮታቸው፣ አጉሊ መነጽር ይዘው መሥሪያ ቤት መጡ። አለቃዬም እሳቸው ያስተማሯት ስለሆነች ማንም አልከለከላቸውም። ያንን የድሮ የመሬት መዝገብ ለሁለት ተሸክመን አመጣንላቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጡበት። ሲፈልጉት የነበረው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ራሳቸውን ነጻ የሚያወጣ ወረቀት ነበር። ማክሰኞ ለምሳ ልነሣ ስል፣ «ብርቱካን፣ ነይ እስቲ» አሉኝ። ድምፃቸው ድሮ የማውቀው አልነበረም።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

አየሁት። እንዴት አላውቀው። የ«ጠ» እግሮች ቀጥ ብለው፣ መስመሩ ሳይዛነፍ፣ ቀለሙ ያን ሁሉ ዓመት ሳይደበዝዝ። ወሰኑ ከወንዙ እስከ ትልቁ ዋርካ ይላል። የሚኖርበት ሰው ስም በሚለው ዓምድ ሥር «ጠፍ» ተብሏል። ቀጣዩም ጠፍ። ከላይ እስከ ታች ገጹን የሞላ ጠፍ፣ አንዱ ከአንዱ የሚያምር።

«ሃያ ዓመቴ ነበር» አሉ። «ቀያሹ የተጨማደደ ወረቀት ይሰጠኛል፣ እኔ አሳምሬ እገለብጣለሁ። ቦታውን አንድ ቀን ሄጄ አላየሁም። ማን አለ ብዬ አልጠየቅኩም። የኔ ጭንቀት መስመሩ እንዳይዛነፍ ነበር። አለቃዬ ጽሕፈቴን አይቶ ሲያመሰግነኝ ደስታዬን አትጠይቂኝ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰባት ልጅ የሚራኮትበት ደጅ ላይ ጠፍ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ደግሞ ወረቀት አይዋሽም እያልኩ ስንት ሰው አስተማርኩ!»

ምሳዬን ትቼ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። 

«ይህን ብነግረው ጨርሶ አያናግረኝም» አሉ። «ባልነግረው ደግሞ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

መዝገቡን ራሳቸው ዘጉት። ቅዳሜ ችሎት እንዳለ ለጋሽ ዳንጊሶ እንድነግር ላኩኝ።

«ደግፌ ከሰሰኝ?» አሉኝ ጋሽ ዳንጊሶ በር ላይ።

«የለም፣ የከሰሱት ራሳቸውን ነው።»

«እብድ ነው» አሉ። ግን መጡ። ከበሩ አጠገብ፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

ጋሽ ደግፌ መሀል ቆሙ። ያን ኮት አውልቀው ወንበር ላይ አኖሩት፤ ያለ ኮት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዴት ትንሽ ሰው ኖረዋል። «በላ ልበልሃ የምለው ተከራካሪ የለኝም» ብለው ጀመሩ። «ከሳሹም ተከሳሹም እኔ ነኝ።» ከዚያ ምንም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ወረቀቱን፣ ቀያሹን፣ ምስጋናውን። «ባለፈው ሰው የሌለበት ብያለሁ። ሰው ነበረበት። ሰው የለም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መልሼም እኔው የጻፍኩትን ምስክር አድርጌ ጓደኛዬ ፊት ቆጠርኩት።» ጨረሱና ወደ በሩ ዞረው በተሰባበረ ሲዳምኛቸው፣ «አፊኒ?» አሉ።

 ጋሽ ዳንጊሶ ወለሉን ያያሉ። የሻይ ቤቷ ባለቤት እንኳ ምድጃውን አጥፍታ ቆመች። በመጨረሻ ጋሽ ዳንጊሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። ከዚያ እያንዳንዳችንን እየዞሩ ጠየቁን፤ ወጉ ነው። የባንክ ቤቱ ጎረምሳ፣ «ሰምቻለሁ» አለ። መምህሩም፣ «ሰምቻለሁ።» እኔም። «እንግዲህ ፍርዱን ስማ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ። «ብዕርህን አውጣ።»

«ምን ልጻፍ?»

«ያልጻፍከውን።»

ንጹሕ ወረቀት መጣ። መዝገቡን መነካካት አይቻልም፣ እንጀራዬ ነው ብዬ አስቀድሜ አስጠንቅቄ ነበር። ጋሽ ዳንጊሶ አጠገባቸው ተቀመጡና አንድ በአንድ ይናገሩ ጀመር። አባቴ ጋቢሶ። እናቴ ዳንቺሌ። ከዚያ ሰባቱ ልጆች በየዕድሜያቸው። ጋሽ ደግፌ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ግን እያንዳንዷን ፊደል ያለ ችኮላ ጻፉ። ስሙን በትክክል እንዳገኙት ጮክ ብለው እያነበቡ ይጠይቃሉ። «የመጨረሻው ፊደል ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» ይላሉ፤ ጋሽ ዳንጊሶ እስኪረኩ ስሙን ደጋግመው ያነቡታል።

«ላሞችም ነበሩ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

«ስንት?»

«አራት። አንዷ ተዋጊ ናት። ቀያሹን ወግታዋለች።»

«እሰይ!» አሉ ጋሽ ደግፌ። «ትጻፍ!»

ይኼኔ ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሁለቱም ሳቁ፤ ጋሽ ዳንጊሶ ዓይናቸውን በባርኔጣቸው ጠርዝ ጠረጉ። ወረቀቱ ዛሬም በጋሽ ዳንጊሶ ሳሎን ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ አለ። ከጋሽ ደግፌ የእጅ ጽሕፈት ሁሉ ቆንጆው አይደለም፤ መስመሩ ይዛነፋል።

ጋሽ ደግፌ ከዚያ በኋላ ጃንሆይን መውደድ ተዉ ብል ይታዘቡኛል። ሰው በሰማንያ ዓመቱ ፍቅሩን አይለውጥም። ማለዳ ሐይቅ ሲወርዱም ስለዚያ ዘመን ሲጨቃጨቁ ከሩቅ ይሰሙ ነበር፤ በጭቅጭቁ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሰዓት ያውቁበታል ይባላል። አንድ ነገር ብቻ ጨምረዋል። ችሎት ላይ ተናግረው ሲያበቁ፣ «እኔ ያየሁት ይህን ነው፤ ያላየሁትን ያየ ሰው ይጨምርበት» ይላሉ። የባንክ ቤቱ ጎረምሳና መምህሩም ይህንኑ ማለት ለምደዋል። አሁንም አይስማሙም። ዓሣውን ግን አብረው ነው የሚበሉት።

አስከሬናቸው ሀዋሳ የገባ ዕለት ልጃቸው የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ጠየቀችኝ። ትውልድ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ጡረታ፤ እንደ ደንቡ ጽፌ ጨረስኩ። ልሄድ ስል ጋሽ ዳንጊሶ ድንኳኑ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ወንድም እህቶቹን ጽፈሻል?»

«አንድ እህት ነው ያላቸው ጋሼ፣ ጎጃም ያሉት። እሳቸውን ጽፌያለሁ።»

«ከእሷ ቀጥለሽ እኔን ጻፊ።»

ልጃቸውን አየኋት። እሷም ሰምታለች፤ እያለቀሰች ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ጻፍኩ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሕዝቡ ጢም ብሎ ነበር። ጋሽ ዳንጊሶ ጴንጤ ናቸው፤ የት እንደሚቆሙ ግራ ገብቷቸው ከዛፉ ሥር፣ ከሰው ኋላ ቆመዋል። አንባቢው ወረቀቱን እያነበበ ወደ መጨረሻው ደረሰ። የልጃቸውን ስም ጠራ፤ የእህታቸውን ስም ጠራ። ከዚያ፣ «እንዲሁም ወንድማቸው አቶ ዳንጊሶ ጋቢሶ» ሲል ትንሽ ቆም አለ፤ አንባቢው ለሠፈሩ አዲስ ነው፣ ይህ ወንድም የቱ ነው ብሎ መሰለኝ።

ከዛፉ ሥር አንድ ባርኔጣ ከሰው ራስ በላይ ከፍ አለ።

«አለሁ!» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ፣ ድምፃቸው ግቢውን ሞልቶት።